ደረቁን መሬት ማን ሰበረው? ትራክተርና ጭሰኛ በጭላሎ

የሀገራችን የመሬት ጥያቄ በተነሣ ቁጥር የምንናገረው ስለ ርስት፣ ስለ ጉልትና ስለ ሲሶ ነው። ከዚህ ሁሉ በታች ግን ራሱ አፈሩ አለ። አፈሩ ጠጣር ነው ወይስ ልል? ዝናብ ሳይጥል ይታረሳል ወይስ አይታረስም? የሚሰብረውስ ጉልበት በማን እጅ ነው? እነዚህ ጥያቄዎች የሰውን ኑሮ እንዴት እንደሚወስኑ በግልጽ ከታየባቸው ስፍራዎች አንዱ በአርሲ ጠቅላይ ግዛት የነበረው የጭላሎ አውራጃ ነው። ከ1960 እስከ 1967 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ትራክተር በዚያ ደረቁን መሬት ሲሰብር፣ ጭሰኛውን ከመሬቱ ጋር ያስተሳሰረውን ገመድ አብሮ እንዴት እንደበጠሰ እንመረምራለን።

በመጀመሪያ የጥንቱን አስተራረስ እናስታውስ። በበጋው መጨረሻ ዋልካው ይሰነጠቃል፤ እንደ ድንጋይም ይጠጥራል። ሣር የሚጠፋው በዚሁ ወራት ስለሆነ በሬውም ከዓመቱ ሁሉ ይልቅ የሚከሳው ያን ጊዜ ነው። መሬቱ እጅግ በሚበረታበት ሰዓት የሚያርሰው ጉልበት እጅግ ይደክማል። አንድ ጥማድ በሬ ለሰዓታት ሲሠራ የሚሰጠው ኃይል ከአንድ የፈረስ ጉልበት ብዙ አይርቅም፤ ማረሻችንም አፈሩን ይሰነጥቀዋል እንጂ አይገለብጠውም። ስለዚህ ገበሬው የበልጉን ዝናብ ይጠብቃል፤ አፈሩ ሲርስ ይገምሳል፤ ከዚያም እንደ ሰብሉ ዐይነት ሦስት፣ አራት ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ደጋግሞ ያርሳል።

ይህ ሥራ ብዙ ክንድና ብዙ በሬ የሚጠይቅ በመሆኑ ሰፊ መሬት ያለው ሰው ብቻውን ሊወጣው አይችልም ነበር። ጭሰኛው እስከ ምርቱ እኩሌታ ይገብራል፤ በባለመሬቱ ደጅም ያገለግላል። ሆኖም ያለ እርሱ ጥማድ መሬቱ እህል ሆኖ ወደ ጎተራ አይገባም። የመሬቱ ጥንካሬ ለጭሰኛው ድካሙ ነበር፤ ሳይታወቅ ግን ጋሻውም ነበር።

ትራክተር ይህን ሚዛን አናጋው። አሠራሩንም ማወቅ ይጠቅማል። በአየርላንድ የተወለደው መሐንዲስ ሃሪ ፈርጉሰን ማረሻውን ከትራክተሩ ጋር በሦስት ነጥብ የሚያያይዝና በሃይድሮሊክ የሚቆጣጠር ዘዴ አበጀ፤ ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1939 ከሄንሪ ፎርድ ጋር በመተባበር በወጣው ትራክተር ላይ ገብቶ በሰፊው ተሠራጨ። አፈሩ ማረሻውን ጨምድዶ ሲይዘው ጫናው ወደ ኋላ ጎማዎች ስለሚተላለፍ ቀላል ትራክተር እንኳ ሳይንሸራተት ይጎትታል። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የተሠራው ማሴ ፈርጉሰን 165 ወደ 60 የሚጠጋ የፈረስ ጉልበት ነበረው። ለጠጣርና ለደረቅ መሬት የሚመረጠው ደግሞ የዲስክ ማረሻ ነው። ክብ የብረት ሳሕኖቹ እየተሽከረከሩ ይቆርጣሉ፤ ሥርና ድንጋይ ሲገጥማቸውም በላዩ ይንከባለላሉ። ዲስክ ወደ አፈር የሚገባው በክብደቱ ስለሆነ መሬቱ እምቢ ሲል በማረሻው ላይ ተጨማሪ ብረት ይጫናል፤ በትራክተሩም ጎማ ውስጥ ውሃ ይሞላል። በዚህ ኃይል ዝናብን ሳይጠብቁ መገመስ ይቻላል። በምንኖርባቸው የአውሮፓና የአሜሪካ ገጠሮች የዚያ ዘመን ትራክተሮች ዛሬ ተወልውለው በትርዒት ላይ ያርሳሉ፤ ተመልካቹም በናፍቆት ያያቸዋል። ከመሬቱ ለተነቀለው የጭላሎ ጭሰኛ ግን የዚያ ሞተር ድምፅ የስንብት ድምፅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት፣ በአጭሩ ካዱ የተባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት አሰላን ማእከል አድርጎ ተቋቋመ። ዓላማው ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር ለአነስተኛው ገበሬና ለጭሰኛው ማድረስ ነበር፤ በበሬ የሚጎተት የተሻሻለ ማረሻ ለማበጀትም ሙከራ አድርጓል። ነገር ግን ምርጥ ስንዴና ማዳበሪያ መሬቱን አትራፊ ሲያደርጉት የባለመሬቱ ዐይን ተከፈተ። ሦስተኛው የአምስት ዓመት ዕቅድም ሰፋፊ የንግድ እርሻዎችን ያበረታታ ነበር፤ የእርሻ መኪናም ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። ለጭሰኛው የታሰበው ዕድገት ባለመሬቱን ባለ ትራክተር አደረገው።

ውጤቱ ብዙ አልዘገየም። ባለመሬቱ ጭሰኛውን አስነሥቶ በትራክተር አረሰ፤ ወይም ትራክተር ይዞ ለመጣ ኮንትራት አራሽ መሬቱን አከራየ። የመሬት ኪራይ ናረ። ግጦሹም ስለታረሰ በመሬቱ ላይ የቀረው ገበሬ በሬውን የሚያሰማራበት አጣ፤ ማሽኑ የሰውየውን ስፍራ ብቻ ሳይሆን የበሬውንም ሣር ወሰደ። ይህን የመኪና እርሻ በገበሬው ላይ ያደረሰውን ጉዳት ሄኖክ ክፍሌ እ.ኤ.አ. በ1972 በካዱ በታተመ ጥናት መርምሮታል። ጭሰኛውን ከድንገተኛ መነቀል ይጠብቃል የተባለው የጭሰኝነት ሕግ ረቂቅ ግን ባለርስቶች በሚበዙበት ፓርላማ ውስጥ ታንቆ ቀረ።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች በአዲስ አበባ «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ሲወጡ «አራሽ» ማለት እርፍ የጨበጠው ሰው መሆኑ የተጠራጠረ አልነበረም። ትራክተር ሲመጣ ግን ቃሉ ራሱ አከራካሪ ሆነ። ባለመሬቱ «በመኪናዬ የማርሰው እኔ ነኝ» ቢል ምን ይመለስለታል? የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ለዚህ መልስ ሰጠ፦ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ጭሰኝነት ቀረ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ከተለዩ ችግረኞች በቀር ሰው ቀጥሮ ማሳረስም ተከለከለ። ሆኖም ሰፋፊዎቹ የመኪና እርሻዎች ወደ መንግሥት እርሻነት ተዛወሩ። እነዚህም ከታረሰው የሀገሪቱ መሬት ከመቶ አምስት የማይሞላውን ይዘው ከማዳበሪያውና ከብድሩ ከፍተኛውን ድርሻ ሲወስዱ ኖሩ። የትራክተሩ ጌታ ተለወጠ፤ ገበሬው ግን አሁንም ከጥማዱ ጋር ቀረ።

ዛሬ በአርሲ የስንዴ ማሳዎች ትራክተርና ኮምባይነር በኪራይ እየገቡ የአነስተኛውን ገበሬ መሬት ያርሳሉ፤ ያጭዳሉ። ገበሬው የኪራዩ ዋጋ ይከብደው ይሆናል፤ ነገር ግን መኪናው ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ እርሱ በማሳው ላይ ይቀራል። የጭላሎ ጭሰኛ ያጣው ይህንኑ ነበር። እርሻና ምሕንድስና የምንማር ሁሉ ለሀገራችን ትራክተር መመኘታችን ተገቢ ነው፤ በበጋ ከከሳ በሬ ጋር ሲታገል የኖረ ሰው ከዚያ ድካም መዳን ይገባዋልና። የፈረስ ጉልበቱን ከመቁጠራችን በፊት ግን መሬቱ በታረሰ ማግስት በላዩ ላይ የሚቆየው ማን እንደሆነ እንጠይቅ።