ማን አረደው? ከጎንደር መንደር እስከ ቂርያት ጋት ሥጋ ቤት

ዛሬ የማወራው ስለ ሥጋ ቤት ነው፤ የራበው ካለ በልቶ ይመለስ፣ እንጠብቃለን።

ባለፈው ሐሙስ አያቴን ይዤ እዚሁ ቂርያት ጋት አንድ ሥጋ ቤት ሄድኩ። የቤተሰብ ሥጋ ቤት ነው። አባትየው ይቆርጣሉ፣ እናትየው ገንዘብ ይቀበላሉ፣ ልጃቸው ይመዝናል። መደርደሪያው ላይ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጤፍ አለ። አያቴ ገና እንደገባች ዋጋ አልጠየቀችም። «ልጄ፣ ማን ነው ያረደው?» አለች። ሰውየው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቴዑዳት ካሽሩት በጣታቸው አሳዩአት። «ይኸው፣ እማማ።» አያቴ ዕብራይስጥ አታነብም። ወረቀቱን አየችው፣ ከዚያ ሰውየውን አየቻቸው፣ ከዚያ ሁለት ኪሎ አዘዘች።

እኔ ድሮ ይሄ ጥያቄ ያሳፍረኝ ነበር። ከኋላችን ሰልፍ አለ፣ ሰው ይሰማል። አሁን ግን ትንሽ አንብቤ፣ ትንሽ ሰዎችን ጠይቄ፣ ጥያቄው ከየት እንደመጣ ገባኝ።

ጎንደር አካባቢ በነበሩት የቤተ እስራኤል መንደሮች ሥጋ ቤት የሚባል ነገር አልነበረም። ሥጋ አይገዛም፤ ይታረዳል። የሚያርደው ደግሞ ቄሱ ወይም እርድ የሚያውቅ የታመነ ሽማግሌ ነው። የእኛ ሰዎች ክርስቲያን ወይም እስላም ያረደውን አይበሉም፤ ክርስቲያኑም የእኛን እርድ አይበላም። ከጎረቤት ጋር ገበያ አብረህ ትውላለህ፣ ማረሻውን ትሠራለታለህ፣ ሸማውን ትሸምንለታለህ፣ ሥጋ ላይ ግን ትለያያለህ። ክርስቲያን ጎረቤት ለሰርግ ሲጠራቸው ከነነፍሱ በግ ወይም ፍየል ይሰጣቸዋል፤ ራሳቸው አርደው፣ በራሳቸው ዕቃ ሠርተው ይበላሉ። ጥሩ ጉርብትና ማለት ይሄ ነበር። አንድ ሰው የክርስቲያን ሥጋ በላ ከተባለ ግን ነገሩ ምግብ ብቻ አይደለም፣ ወገኑን ለቀቀ ማለት ነው።

ጥሬ ሥጋም አይበላም። ጎረቤት ብርንዶ ሲቆርጥ እኛ ቤት ሥጋው ደሙ እስኪወጣ ይታጠባል፣ በደንብ ይበስላል፤ ኦሪት ዘሌዋውያን 17 ደም አትብሉ ይላልና። የጭኑም ጅማት ይወጣል፣ በያዕቆብ ምክንያት።

ዛሬም ኢትዮጵያ ከሄዳችሁ ሥጋ ቤት በር ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ታያላችሁ። ያ ምልክት የአያቴን ጥያቄ ነው የሚመልሰው፦ ማን አረደው። እኛ በር ላይ የምንሰቅለው ምልክት አልነበረንም፣ ምክንያቱም ሰውየውን በስሙ እናውቀው ነበር።

እሺ፣ አሁን ወደ እስራኤል እንምጣ። በ1973 የያኔው የሴፋርዲም ዋና ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ የሆኑ አይሁዶች ናቸው ብለው ወሰኑ። በ1975 የመመለስ ሕግ እኛንም እንደሚያካትት መንግሥት ተቀበለ። ከዚያ በ1984 መጨረሻ ዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1991 ዘመቻ ሰሎሞን፤ በ36 ሰዓት ከ14,000 በላይ ሰው። ይሄን ሁላችሁም በትምህርት ቤት ሰምታችኋል። ትምህርት ቤት ያልነገሩን ግን ቢላዋው ምን እንደሆነ ነው።

በ1983፣ ማለትም ከዘመቻ ሙሴ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በካሽሩት ማጭበርበርን የሚከለክለው ሕግ ወጣ። በዚያ ሕግ አንድ ሱቅ «ካሼር ነኝ» ብሎ ለመጻፍ የራባኑት ወረቀት ያስፈልገዋል። ወረቀቱ እንዲገኝ ራባኑት የፈቀደለት ሾኼት ማረድ አለበት። ቄሶቹ ደግሞ በዚያ መንገድ አልተማሩም። ከዚህም ሌላ፣ ፈቃድ ካለው ቄራ ውጭ ማረድ በሕግ ክልክል ነው። በቃ፣ በመንደሩ ሁሉ የታመነው እጅ እዚህ ሲደርስ ሥራ ፈታ።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል የራባኑትንም ምክንያት ልናገር። ሾኼት ቢላዋውን ከእርድ በፊት በጥፍሩ ይፈትሻል፣ ትንሽ ጥርስ እንኳ ካለው አያርድበትም። ሲያርድ መሃል ላይ ማቆም የለም፣ መጫን የለም። ከዚያ ሳንባው ይመረመራል። እነዚህ ከታልሙድ የመጡ ሕጎች ናቸው፣ እኛ ደግሞ የነበረን ኦሪት እንጂ ታልሙድ አልነበረም። ይሄ ይገባኛል። ያልገባኝ፣ ሰውየውን አይሁድ ነህ ብለህ ተቀብለህ እጁን አለማመንህ ነው። ቄሶቹን ቁጭ አድርጎ ማስተማርም እኮ ይቻል ነበር። በ1985 ኢየሩሳሌም ከራባኑት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል የተቀመጡት ሰዎች ስለ ሥጋ አልነበረም የተቃወሙት፣ ስለ ጥምቀቱ ነው። ለእኔ ግን ያው አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው።

የፋሲካ በግም እንዲሁ ቀረ። በኢትዮጵያ በኒሳን 14 ማምሻውን ቄሱ በጉን ያርዳል፣ ከቂጣ ጋር ይበላል። እዚህ ግን ቤተ መቅደስ ከፈረሰ ወዲህ መሥዋዕት የለም ተባለ። አያቴ ስለዚህ ስትጠየቅ ዝም ነው የምትለው።

እንግዲህ የሥጋ ቤቱ ቤተሰብ የሚሠራው በዚህ መሃል ነው። ወረቀቱ የራባኑት፣ ቋንቋው የእኛ። በእስራኤል የበሬ ሥጋ በቁጥር ነው የሚሸጠው። 3 ቁጥር እኛ ፍርንባ የምንለው ነው። 10 ቁጥር አንገት ነው። 11 ቁጥር፣ ሲንታ የሚሉት፣ ሽንጥ ነው። አያቴ በስም ታዛለች፣ አባትየው ሰምተው ለልጃቸው ቁጥሩን ይጠሩለታል፣ ልጁ ሚዛኑ ላይ ይጫነዋል። ሦስት ትውልድ በአንድ ኪሎ ሥጋ።

አንዳንዱ ግን አይተረጎምም። ለምሳሌ ሻኛ። ሻኛ የኢትዮጵያ በሬ ትከሻ ላይ ያለው ጉብታ ነው። እዚህ ያሉት ላሞች አብዛኞቹ ሆልስታይን ናቸው፣ ጉብታ የላቸውም። ስለዚህ ቃሉ አለ፣ ሥጋው የለም። (ከተማችንም እኮ እንዲሁ ናት። የጎልያድ አገር ጋት እዚህ ጋ ነበረች ተብሎ ነው ስሟ የወጣው፤ በኋላ አርኪዮሎጂስቶች ጋት ቴል ኤ-ሳፊ ነው አሉ።) ዱለትም ችግር አለው። ጉበት ውስጥ ያለው ደም ብዙ ስለሆነ በጨው አይወጣም፣ በሕጉ መጀመሪያ እሳት ላይ መጠበስ አለበት። የተጠበሰ ጉበት ተከትፎ ዱለት ሲሆን፣ እ... ቅመሱትና ንገሩኝ።

ቅርጫ ግን አልሞተም። ብዙ ቤተሰብ አሁንም ለሰርግ ወይም ለስግድ ሰሞን ገንዘብ አዋጥቶ አንድ በሬ ይገዛል። ሥጋው በመደብ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ መደብ ከጎድኑም፣ ከሽንጡም፣ ከጨጓራውም ትንሽ ትንሽ ይደርሰዋል፣ ከዚያ ዕጣ ይወጣል። ማንም 11 ቁጥር ብቻ ይዞ አይሄድም። በሱቅ ዓይን ካየኸው ኪሳራ ነው፣ ምክንያቱም ጥሩውና መናኛው በአንድ ዋጋ ይሄዳል። ግን ሁሉም ሰው በሬውን አይቶታል፣ ያረደውንም ያውቀዋል።

ባለፈው ሐሙስ ስንወጣ አያቴን «ወረቀቱን አመንሽው?» አልኳት። «ወረቀቱን አይደለም፣ የእናቱን ቤት አውቃለሁ» አለችኝ። የሰውየው እናትና እሷ አንድ ወንዝ ውሃ ይቀዱ ነበር፤ እኔ ይሄን አላውቅም ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁና ልጨርስ። በእናንተ ቤት ሽማግሌዎቹ ሥጋውን በምን በምን ስም ይጠሩታል? ቁጥሩን ከነስሙ በድምፅ ላኩልን፣ ልጁ ሚዛኑ አጠገብ የሚለጥፈው ዝርዝር እያዘጋጀሁለት ነው። እስካሁን ያገኘሁት ሰባት ብቻ ነው። ቸር ሰንብቱ።