የደንጊያ ሽበት፦ ከላሊበላ ጣሪያ እስከ እድራችን ግቢ



ሰው ሲያረጅ ጠጉሩ እንደሚሸብት ሁሉ ደንጊያም ደጅ ሲሰነብት ይሸብታል። በአጥር ካብ፣ በመቃብር ደንጊያ፣ በደረጃና ድንኳን በምንተክልበት ንጣፍ ላይ ነጭ፣ አመድማ ወይም ቢጫ ሆኖ እንደ ክብ ቁራጭ ተለጥፎ የሚታየውን ነገር «የደንጊያ ሽበት» ማለታችን ስለዚሁ ነው።

በእድር ዘንድ ይህ የጌጥ ጉዳይ አይደለም። ቃሬዛ የተሸከመ ሰው እግሩን እያየ አይራመድም። ክረምት ላይ ንጣፉ ሲያሟልጭ አንድ ተሸካሚ ቢያዳልጠው የሚወድቀው እሱ ብቻ አይደለም፤ ሬሳውም፣ የቤተ ዘመዱም ክብር አብሮ ይወድቃል። ለልቅሶ የሚመጡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶችም በዚያው ላይ ነው የሚረግጡት። እንግዲህ አንዳንዶቻችን «አሲድ ይደፋበትና ይገላገል»፣ ሌሎቻችን «ሲሚንቶ ይለሰንበት» ማለታችን ከሥጋት የመጣ ነው። ነገር ግን ገንዘባችንን ከማውጣታችን በፊት፣ ከእኛ በፊት ደንጊያ ያስቸገራቸው ሰዎች ምን አድርገው ምን እንዳገኙ መጠየቅ ይበጃል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሽበቱ ምንድን ነው?

ለብዙ ዘመን የዕውቀት ሰዎች ሽበቱን እንደ አንድ ተራ ተክል ይቆጥሩት ነበር። በ1867 ስዊዘርላንዳዊው የዕፅዋት ሊቅ ሲሞን ሽቬንደነር ተነሥቶ «ይህ አንድ ፍጥረት አይደለም፤ ሁለት ናቸው» አለ። አንደኛው የሻጋታ ዘር ነው፤ ሁለተኛው በውሃ ላይ እንደምናየው ዓይነት አረንጓዴ አልጌ ነው። ሻጋታው ደንጊያውን ቆንጥጦ ይይዛል፣ እርጥበትም ያጠራቅማል፤ አልጌው ደግሞ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጃል። በጊዜው የነበሩ ብዙ ሊቃውንት አልተቀበሉትም ነበር፤ ኋላ ግን እውነቱ ከእርሱ ጋር ሆነ። እንግዲህ ሽበቱ ራሱ እድርተኛ ነው ማለት ይቻላል፤ አንዱ ያለ ሌላው በባዶ ደንጊያ ላይ አይኖርምና።

እድገቱም እጅግ ዝግተኛ ነው። በደንጊያ ላይ የሚጣበቀው ዓይነት በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ የማያድግበት ጊዜ ብዙ ነው። ኦስትሪያዊው ሮላንድ በሸል በ1950 ገደማ ይህን ለሥራ አዋለው። ዓመተ ምሕረት በተጻፈባቸው የመቃብር ደንጊያዎች ላይ የሽበቱን ስፋት ለካና፣ በዚያ ሚዛን የበረዶ ግግር ትቶት የሄደውን ደንጊያ ዕድሜ ለማወቅ ቻለ። የመቃብር ደንጊያ ለሙታን ማስታወሻ ብቻ ሳይሆን ለዕውቀትም መለኪያ ሆነ ማለት ነው።

ጉዳቱስ? ሻጋታው ክሩን በደንጊያው ቀዳዳ ውስጥ ይሰዳል፤ አሲድነት ያለው ነገርም ያመነጫል። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በዚህ መሳብና መላቀቅ የደንጊያውን ገጽ ቀስ በቀስ ይፈረፍራል። በኖራ ደንጊያና በለስላሳ ደንጊያ ላይ ይበረታል፤ እንደኛ አገር ባለ ጥቁር ጠንካራ ደንጊያ ላይ ግን ሥራው የብዙ ዘመን ነው። ልብ በሉ፦ ክረምት ላይ አብዝቶ የሚያዳልጠን ይህ ደረቁ ሽበት ሳይሆን፣ ከጎኑ የሚበቅለው አረንጓዴ ሙልጭልጭ ነው። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል፤ አረንጓዴው በመጥረጊያና በውሃ ይለቃል፣ ሽበቱ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል።

ደንጊያን ማን ሰበረው?

የእኛን አገር ታሪክ እንመልከት። ከሞጣ ወደ ዓባይ ስንወርድ ሰባራ ድልድይ አለ። በ17ኛው መቶ ዓመት፣ በአፄ ፋሲል ዘመን፣ በደንጊያና በኖራ የተሠራ ነው። ጎጃምንና በጌምድርን ሲያገናኝ፣ ክረምት ከበጋ ዝናብና ጎርፍ ሲፈራረቅበት ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቆመ። የሰበረው ሽበት አይደለም፤ በጠላት ወረራ ዘመን በጦርነቱ ምክንያት የሰው እጅ ነው። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ በገመድ እየተጎተተ ሲሻገር ኖረ። በ2002 በብረት ተጠግኖ ነበር፤ በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 ከፍ ብሎ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። በእነብሴ ሳር ምድር ያለችው መርጡለ ማርያምም እንዲሁ ናት። እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያሠሯትን ቤተ ክርስቲያን ያፈረሰው የግራኝ ጦርነት ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት እንደገና ከተሠራው የቀረው ጥርብና ቅርጻ ቅርጽ ያለበት ደንጊያ ግን፣ ጣሪያ ሳይኖረው፣ እስከ ዛሬ ይታያል።

ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ያለው ግን ላሊበላ ላይ ነው። አሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ቋጥኝ የተፈለፈሉ ስለሆኑ ጣሪያቸውም ግድግዳቸውም ለዝናብ የተጋለጠ ነው፤ ውሃው በስንጥቅ ይገባል፣ ሽበቱም ይበቅልበታል። በ1950ዎቹ ዓመታት «ውሃ እንዳያስገባ» ተብሎ ሬንጅ ተቀባ፤ መልኩ ደንጊያ እንዲመስል በላዩ ቀይ ቀለም ተደረበበት። ሐሳቡ ቅን ነበር። ሆኖም ደንጊያ ይተነፍሳል፤ ከውስጥ ያለው እርጥበት መውጫ ሲያጣ ከሬንጁ ሥር ታፍኖ ደንጊያውን ያበሰብሰዋል። በ1960ዎቹ ማብቂያ፣ በ1965 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የሐውልቶች ፈንድ (ዛሬ የዓለም ሐውልቶች ፈንድ የሚባለው) ከመንግሥታችን ጋር ሆኖ ሥራ ሲጀምር፣ በጣሊያናዊው የሥነ ሕንፃ ባለሙያ በሳንድሮ አንጀሊኒ መሪነት ከተሠሩት ዋና ዋና ሥራዎች አንዱ ያንኑ ሬንጅና ቀለም መፋቅ ሆነ። በጥቂት ጊዜ የተቀባውን ለማስለቀቅ ዓመታት ፈጀ ማለት ነው።

ላሊበላ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ2008 ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ ትልልቅ ክዳን ተተከለ። ዝናቡን ከለከለ፤ ነገር ግን የክዳኑ ክብደት ራሱ ለከተማው ሕዝብ ሥጋት ሆኖ በ2018 ሰው አደባባይ ወጣ። በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ላይ የተሄደበት መንገድ ሌላ ነው፤ ክዳን ሳይጨመርበት ጣሪያውን ራሱን በመጠገን ነው የተሠራው። እንዲህ ያለው ሥራ ጫጫታ የለውም፤ ለደንጊያው ግን ይስማማዋል።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

ሁለቱም ከተሞቻችን፣ ቢቸናም ሞጣም፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ያሉ ደጋማ ናቸው። ክረምቱ ረጅም፣ ጭጋጉ ብዙ፣ አየሩም ንጹሕ ነው። ሽበት ደግሞ ንጹሕ አየር ይወዳል፤ ኒላንደር የተባለው ሊቅ በ1866 በፓሪስ ከተማ ጭስ ሽበቱን ሲያጠፋው አይቶ ጽፏል። ስለዚህ ሽበት ማየታችን አየራችን ደኅና መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነውና ጨርሰን አናጥፋው፤ ሰው በሚረግጥበት ቦታ ብቻ እናስለቅቀው። የሚከተለውን ሐሳብ ለአባሎች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ አሲድ አይደፋ። የባትሪም ሆነ ሌላ አሲድ በደንጊያው መካከል ያለውን ኖራና ሲሚንቶ ይበላል፣ ጥቁሩንም ደንጊያ ያዝገዋል። በረኪናም ጨው ትቶ ይሄዳል፤ ጨው በደንጊያ ቀዳዳ ውስጥ ሲደርቅ ይፈረፍረዋል። ሁለቱን መቀላቀልማ ጭራሽ አይታሰብ፤ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል።

ሁለተኛ፣ ሲሚንቶም ሬንጅም አይቀባ። የላሊበላው ይበቃናል።

ሦስተኛ፣ ደንጊያውን በውሃ አርሶ በእንጨት መፋቂያና በጠንካራ መጥረጊያ መፈግፈግ። የሽቦ ብሩሽና መሮ ደንጊያውን ይቧጥጡታል፤ የተቧጠጠ ደንጊያ ደግሞ ለሚቀጥለው ሽበት የተዘጋጀ እርሻ ነው። ጊዜው ጥቅምት ቢሆን ይመረጣል፤ ዝናቡ አቁሟል፣ ሽበቱም ገና አልደረቀም።

አራተኛ፣ አልለቅ ላለው የሐኪም ቤት ወለል የሚጠረግበት ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የሚባለው መድኃኒት በጓንት፣ በጥቂቱ፣ ከምንጭና ከከብት መጠጫ ራቅ ተደርጎ ቢረጭ ሽበቱ ይሞታል። ወዲያው አይለቅም፤ የሞተውን ዝናብ በወራት ውስጥ ያጥበዋል። መጣደፍ አያስፈልግም።

አምስተኛ፣ ዋናው መከላከል ነው። ንጣፉ ውሃ እንዳያቁር ተዳፋት ይሰጠው፤ ቦዩ ይጠረግ፤ ቅጠልና አፈር አይከመርበት፤ ፀሐይ የከለከሉ ቅርንጫፎች ይቆረጡ። የደንጊያው ክፍተት በአሸዋ ይሞላ፤ ከ1990ዎቹ ማብቂያ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጀምሮ በየከተማው የተዘረጋው ኮብልስቶን የተነጠፈው እንዲሁ ነው፤ ውሃው እንዲሰርግ። ያልተቀባ የቆርቆሮ ክዳን ውሃ በሚንጠባጠብበት ደንጊያ ላይ ሽበት እንደማይበረታ ያስተዋላችሁ ትኖራላችሁ። ቆርቆሮው የተለበጠበት ዚንክ በዝናብ እየታጠበ ስለሚያጠፋው ነው። በንጣፉ ዳር ከፍ ባለ ቦታ የዚንክ ቆርቆሮ ቁራጭ ማድረግ ይረዳል።

ስድስተኛ፣ የመቃብር ደንጊያ አይፋቅ። ጽሑፉ ያለው ከላይ ገጹ ላይ ነው፤ ሽበቱን ስንፋቅ ስሙንም አብረን እንፍቃለን። ስሙ ሳይጠፋ በመዝገባችን ይገልበጥ።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሁለት ቅዳሜ ጉልበትና ጥቂት መጥረጊያ ነው። ሲሚንቶ ለመግዛት የታሰበው ገንዘብ በእድሩ ሣጥን ይቀመጥ፤ ለኀዘንተኛ ይድረስ። ንጣፉን የምናጸዳው ደንጊያ እንዲያምር ብለን አይደለም፤ ነገ እኛም በዚያው ላይ ተሸክመን፣ በተራችንም ተሸክመውን የምናልፍ ስለሆንን ነው። እስከዚያው እግዚአብሔር ያሰንብተን።