ራሙን ማን ወሰደው?

ነገሩ ከሆነ አስር ዓመት አልፎታል። አዲስ ላፕቶፕ ገዛሁ፤ ካርቶኑ ላይ 8 ጊጋባይት ራም ይላል። ዊንዶውስ ስላልነበረው ሰፈር ውስጥ ያለ ባለሙያ ጋ ወስጄ አስጫንኩ። ማታ ከፍቼ ሳየው ግን 8 ጊጋባይት ከሚለው ቁጥር አጠገብ፣ በቅንፍ ውስጥ፣ ጥቅም ላይ የሚውለው 3 ነጥብ ምናምን ብቻ ነው ይላል። ከግማሽ በላዩ የለም።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁ በር ላይ ቆሜ፣ ሰው እየሰማ፣ ባለሱቁን "ራሜን ሰርቀኸኛል" አልኩት። አልተከራከረኝም። መፍቻ አነሳና የላፕቶፑን የታች ክዳን ፈታ። እያንዳንዳቸው ባለ 4 ጊጋባይት የሆኑ ሁለት ራሞች ቦታቸው ላይ ተሰክተዋል። የጎደለ ነገር የለም። አፍሬ ይቅርታ ጠየቅኩት። "ታዲያ ማን ወሰደው?" የሚለው ጥያቄ ግን አብሮኝ ቤት ገባ። መልሱን ያገኘሁት ታሪክ ውስጥ ነው።

ፕሮሰሰር ራምን የሚያውቀው በአድራሻ ነው። እያንዳንዱ ባይት የራሱ ቁጥር አለው። ቀበሌን አስቡ። መዝገቡ የቤት ቁጥር የሚጽፈው በሦስት አሃዝ ብቻ ቢሆን፣ ከ000 እስከ 999፣ አንድ ሺህ ቤት ብቻ ነው መመዝገብ የሚችለው። ከዚያ በኋላ የተሠራ ቤት ጣሪያም በርም አለው፤ መታወቂያ ላይ ግን "የቤት ቁጥር፦ አዲስ" ተብሎ ይቀራል። ቀበሌው ደግሞ ከዚያው መዝገብ ለጽሕፈት ቤቱ፣ ለጤና ጣቢያውና ለወፍጮ ቤቱ ቁጥር ከያዘ፣ ለነዋሪው የሚተርፈው ያንሳል። የኮምፒውተር ማስታወሻ ታሪክ በአጭሩ ይኸው ነው።

ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው 8086 ፕሮሰሰር 20 የአድራሻ መስመሮች ነበሩት፤ ይህ ማለት 1,048,576 አድራሻ፣ ማለትም 1 ሜጋባይት ነው። አይቢኤም በ1981 የመጀመሪያውን ፒሲ ያወጣው በዚሁ ቤተሰብ ፕሮሰሰር፣ በ8088 ነው። መሐንዲሶቹ አድራሻውን ለሁለት ከፈሉት፦ የታችኛው 640 ኪሎባይት ለተጠቃሚው ፕሮግራም፣ የላይኛው 384 ኪሎባይት ለስክሪኑና ለማሽኑ ለራሱ ሥራ። ስግብግብነት አልነበረም። ዝቅተኛው ሞዴል ሲሸጥ 16 ኪሎባይት ብቻ ይዞ ስለነበር፣ 640 የዚያ አርባ እጥፍ ነው።

ልግስናው ግን ብዙ አልቆየም። የሒሳብ ሰንጠረዥ ፕሮግራሞች እየገዘፉ መጡ። በ1985 ሎተስ፣ ኢንቴልና ማይክሮሶፍት ከ640 በላይ የተጨመረን ማስታወሻ በጠባብ መስኮት ቁራጭ በቁራጭ እያዩ ለመጠቀም የሚያስችል የጋራ ደንብ አወጡ። አጥሩን ከማፍረስ ይልቅ ቀዳዳ አበጁለት።

በዚያው ዓመት የወጣው 386 ፕሮሰሰር በ32 ቢት 4,294,967,296 አድራሻ ይዞ መጣ፤ 4 ጊጋባይት መሆኑ ነው። የቀበሌው ልማድ ግን አልቀረም፤ የግራፊክስ ካርድና ሌሎች መሣሪያዎች ድርሻቸውን ከዚያው አድራሻ፣ ከላይኛው ጫፍ ያዙ። ሰዎች ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ በጫኑበት ኮምፒውተር 4 ጊጋባይት ራም ሲሰኩ፣ የሚያገኙት ብዙ ጊዜ 3 ወይም 3 ነጥብ 5 አካባቢ ሆነ። ራሙ አለ፣ ቁጥሩ ግን ተይዟል።

እስከዚህ ድረስ ጉዳዩ የምሕንድስና ነው። ቀጥሎ ገበያም ይገባበታል።

ኢንቴል በ1995 በፔንቲየም ፕሮ አድራሻውን ወደ 36 ቢት አሳድጎ እስከ 64 ጊጋባይት መንገድ ከፍቷል። ባለ 32 ቢቱ ዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ኢንተርፕራይዝም በዚህ መንገድ ተጠቅሟል። የቤት ተጠቃሚው ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ግን እዚያው 4 ላይ ቀረ። ማይክሮሶፍት የሰጠው ምክንያት ብዙ ድራይቨሮች ከ4 በላይ ያለውን አድራሻ ሲያገኙ ማሽኑን ይጥሉታል የሚል ነው። ምክንያቱ እውነት ነው። ግን በ2009 የወጣውን ዊንዶውስ 7 እንይ፦ ስታርተር 2 ጊጋባይት፣ ባለ 64 ቢቱ ሆም ቤዚክ 8፣ ሆም ፕሪሚየም 16፣ ፕሮፌሽናል 192። በ64 ቢት የአድራሻ እጥረት የለም። እዚህ አጥሩ የከፈላችሁት ዋጋ ነው።

አንድ ትንሽ ታሪክ ልጨምር። ቀድሞ ዊንዶውስ ቪስታ የሚያሳየው ሊጠቀምበት የሚችለውን የራም መጠን ነበር። በ2008 በወጣው ሰርቪስ ፓክ 1 ማሳያው ተቀየረና የተሰካውን ሙሉ ቁጥር ማሳየት ጀመረ። ባለ 32 ቢት የነበረው ሰው ስክሪኑ ላይ 4 አየ፤ ከሥር ግን አንዲት ባይት አልተጨመረችለትም። ዊንዶውስ 7 ሁለቱንም ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀመጠ። እኔ ሱቅ ድረስ ለጠብ የሄድኩት ይህን ሐቀኛ መስመር አይቼ ነው፤ ምክንያቱን ግን አልጻፈልኝም።

የእኔው ጉዳይ ያለቀው እንዲህ ነው። የሰፈሩ ባለሙያ በፍላሹ የነበረውን ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ነበር የጫነልኝ። ባለ 64 ቢቱ ሲጫን ማሽኑ 7 ነጥብ ምናምን አሳየ። የቀረችውን ጥቂት የወሰደው ማሽኑ ውስጥ የተሠራው ግራፊክስ ነው፤ የራሱ ማስታወሻ ስለሌለው ከእኛ ይበደራል።

ስለዚህ እናንተም ቁጥር ከጎደለባችሁ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። መጀመሪያ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ እዩ። እዚያም ከጎደለ ችግሩ ከዊንዶውስ በታች ነው፦ ላፕቶፑ አጥፍታችሁ፣ ከኃይል ነቅላችሁ፣ ራሞቹን አውጥታችሁ መልሱ፤ አንድ በአንድ በየቦታው ሞክሩ፤ ማሽኑ የሚቀበለውን ከፍተኛ መጠንም አረጋግጡ። ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነ ወይም ዋስትናው እንዳይፈርስ ከሰጋችሁ አትፍቱት፤ ወደ ሻጩ መልሱት። ባዮስ ሙሉውን አይቶ ዊንዶውስ ካላየው ግን ሻጩን ተዉት፦ 32 ቢት ነው ወይስ 64? የተጫነው የዊንዶውስ ዓይነት የራም ገደብ አለው? "ኤምኤስኮንፊግ" ውስጥ፣ ቡት ከሚለው ሥር፣ ማስታወሻን የሚገድበው ሳጥን ምልክት ተደርጎበታል? የጎደለው ጥቂት መቶ ሜጋባይት ብቻ ከሆነ ደግሞ የግራፊክሱ ድርሻ ሊሆን ስለሚችል አትጨነቁ።

ይህን ሁሉ ለማየት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። እኔ ያን ግማሽ ሰዓት አልሰጠሁም። አርባ ዓመት ገደማ የቆየ የአድራሻ ጉዳይ፣ በአንድ ጠዋት፣ የአንድ ባለሱቅ ስርቆት አድርጌው ነበር። ይቅርታዬን የሰማው እሱ ብቻ ነው፤ ስድቡን ግን መንገደኛው ሁሉ ሰምቷል።