ሂልተን ሳይገባ ፎገራ የገባው አልበም

ከወረታ መናኸሪያ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ የታጠፈ ደብረ ታቦር ይገባል። ወደ ደቡብ የቀጠለም ዓባይን ተሻግሮ፣ ባሕር ዳርን አልፎ ጎጃም ነው። ቴዲ አፍሮ (ቴዎድሮስ ካሣሁን) ሚያዝያ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ባወጣው «ኢትዮጵያ» አልበም ውስጥ ሁለቱም መንገዶች አሉ። ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው ዘፈን ስለ አፄ ቴዎድሮስ ነው፤ ወደ ጎጃም የሚወስደው «ማር እስከ ጧፍ» ደግሞ ከሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተቀዳ፣ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ነው። ወረታ የምትገኝበት የፎገራ ሰው ይህን አልበም ሲሰማ የጎረቤቶቹን ታሪክ ይሰማል።

አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የወደቁት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። አልበሙ የወጣው ከዚያ 149 ዓመት ከ18 ቀን በኋላ መሆኑ ነው። ሴባስቶፖል የተባለው መድፋቸው የተሠራበት ጋፋት ከደብረ ታቦር አፍንጫ ሥር ነው።

ድምፃዊው ከዚህ አልበም በፊት «አቡጊዳ»ን፣ «ያስተሰርያል»ን፣ «ጥቁር ሰው»ን አውጥቷል። «ኢትዮጵያ» ግን በወጣ ብዙም ሳይቆይ የአሜሪካው ቢልቦርድ መጽሔት የዓለም ሙዚቃ አልበሞች ሠንጠረዥ ላይ አንደኛ ሆነ። አገር ውስጥም ከታክሲ እስከ ሠርግ ቤት ያልተሰማበት ቦታ አልነበረም።

በአልበሙ ምረቃ ላይ ክርክር የተነሳው እሑድ ነሐሴ 28 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል የምረቃ ዝግጅት ተሰናድቶ፣ እንግዳ ተጠርቶ ሳለ ፖሊስ አስቆመው። የተሰጠው ምክንያት ፈቃድ አልተጠየቀም የሚል ነበር። የድምፃዊው ወገን በበኩሉ በሆቴል አዳራሽ ለሚደረግ የአልበም ምረቃ ፈቃድ የሚጠይቅ ሕግ የለም አለ። በአገሪቱ የነበረው አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከተነሳ ገና አንድ ወር ቢሆነው ነው። እኔን የሚያሳምነኝ የድምፃዊው ወገን ቃል ነው። በሆቴል አዳራሽ መጽሐፍ ሲመረቅ፣ ሠርግ ሲደገስ፣ የንግድ ትርኢት ሲከፈት እናያለን፤ የፈቃድ ጥያቄ ዘፈን ላይ ብቻ ከበረታ ጉዳዩ ከወረቀት ያለፈ ነው። ደግሞስ ከአራት ወር በፊት ሕዝብ እጅ የገባን ሥራ ምረቃውን በማስቆም ማን ሊያስቀረው? የተጎዱት ሊያከብሩት የመጡት እንግዶችና ለሥራው የደከሙ ሰዎች ናቸው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ብዙም የሚተረክ የላቸውም። አልበሙ መደመጡን ቀጠለ፤ ክርክሩ በረደ።

ጥር 2010 ዓ.ም. ላይ፣ ጥምቀት በወጣ ሰሞን፣ ቴዲ ባሕር ዳር ስታዲየም መድረክ ላይ ቆመ። ሂልተን የተከለከለው ዝግጅት ከወረታ በ60 ኪሎ ሜትር አካባቢ ርቀት፣ በጣና ዳር፣ እጅግ ሰፍቶ ተካሄደ ማለት ይቻላል። ስለ አፄ ቴዎድሮስ የተዘፈነው ዘፈን ንጉሡ ወደ ገዙት አገር መጣ።

ዛሬ ሲዲ የሚገዛ የለም። ዘፈኑ ግን በስልክ ሚሞሪ ተጭኖ፣ ሩዝ ከሚታጨድበት የፎገራ ሜዳ ዳር በሚኒባስ እየተጓዘ ደብረ ታቦር ይወጣል።