«ስሪ ዲ» ስንል የትኛውን ነው?

አንድ ቁጥርና አንድ ፊደል ናት፤ 3ዲ። ሲኒማ ቤት በር ላይ አለች፤ ጌም ላይ አለች፤ የእርጉዞች አልትራሳውንድ ማስታወቂያ ላይ አለች፤ ሊሠራ የታሰበ ሕንፃ በታጠረበት ቆርቆሮ ላይም ተለጥፋለች። «ስሪ ዲ ነው» ከተባልን ደግሞ ብዙ አንጠይቅም። ጥሩ ነገር መሆኑን ብቻ እንገምታለን።

«ዲ» የእንግሊዝኛው «ዳይሜንሽን» ናት። በእኛ አነጋገር ሦስቱ ነገሮች ቁመት፣ ወርድና ጥልቀት ናቸው። ወረቀት ላይ የተሳለ ጀበና ቁመትና ወርድ ብቻ አለው። ከረከቦቱ ላይ ያለው ጀበና ግን ጥልቀትም ስላለው ዞረን ከኋላው ልናየው፣ ቡናም ልናፈላበት እንችላለን። ትርጉሟ ይኼው ነው። ግራ የሚያጋባው አጠቃቀሟ ነው፤ ምክንያቱም ስሪ ዲ ከምንላቸው ነገሮች አብዛኞቹ የምናያቸው በጠፍጣፋ ነገር ላይ ነው። ታዲያ ጥልቀቱን ከየት አመጡት?

ነገሩ የሚጀምረው በ1838 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስቶን ሁለቱ ዓይኖቻችን አንድን ዕቃ በመጠኑ ከተለያየ ቦታ እንደሚያዩት፣ አእምሯችንም ከሁለቱ ምስሎች ልዩነት ርቀትን እንደሚረዳ አሳየ። ካላመናችሁ አውራ ጣታችሁን ከፊታችሁ አቁማችሁ ዓይኖቻችሁን ተራ በተራ ጨፍኑ፤ ጣታችሁ ወዲያና ወዲህ ይዘላል። ዊትስቶን በመስታወት በሠራት መሣሪያ ለቀኝ ዓይን አንድ ሥዕል፣ ለግራ ዓይን ሌላ ሥዕል ሰጠ። ሁለት ጠፍጣፋ ሥዕሎች ተጋጥመው አንድ ድፍን ነገር መሰሉ። ልብ በሉ፣ ፎቶግራፍ ለዓለም ይፋ የሆነው በ1839 ነው። ስሪ ዲ በአንድ ዓመት ትቀድመዋለች ማለት ነው።

ምኅጻረ ቃሏን የሕዝብ አፍ ውስጥ የከተታት ግን ሳይንስ ሳይሆን ፍርሃት ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካኖች ቴሌቪዥን ገዝተው ቤታቸው መቀመጥ ጀመሩ፤ ሲኒማ ቤቶች ገበያቸው ቀዘቀዘ። ሆሊውድ ተመልካቹ ሳሎኑ የማያገኘውን ነገር ይፈልግ ነበር። ኅዳር 1952 ላይ «ብዋና ዴቭል» የተባለው ፊልም ሎስ አንጀለስ ውስጥ ታየ። ታሪኩ ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ፣ ጻቮ ላይ፣ በ1898 የባቡር ሐዲድ ሠራተኞችን ስለበሉት አንበሶች ነው። ማስታወቂያው አንበሳውን ጭናችሁ ላይ እናመጣላችኋለን ይል ነበር። ሕዝቡም መነጽሩን እያጠለቀ ጎረፈ። በማግስቱ ዓመት «ሃውስ ኦፍ ዋክስ» ተከተለ። የዚህ ፊልም ዳይሬክተር አንድሬ ደ ቶት አንድ ዓይና ነበር፤ ዓለምን ያስደነቀበትን ጥልቀት እሱ ራሱ ማየት አይችልም ነበር!

ሆይ ሆይታው ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ቆየ። ሁለት ፕሮጀክተሮች እኩል መሄድ ነበረባቸው፤ ትንሽ ከተዛነፉ ትርፉ ራስ ምታት ነው። በ2009 «አቫታር» ሲወጣ ታሪኩ ተደገመ። ፋብሪካዎች ስሪ ዲ ቴሌቪዥን ማምረት ጀመሩ፤ በ2017 የመጨረሻዎቹ ትልልቅ አምራቾች ኤልጂና ሶኒም ተዉት። ሰው ሳሎኑ ውስጥ መነጽር አድርጎ መቀመጥ አልወደደም።

እስካሁን ያወራነው ዓይንን ስለማታለል ነው። ሁለተኛዋ ስሪ ዲ ግን ከዚህ ጋር ዝምድናዋ የስም ብቻ ነው። በ1975 አሜሪካ ውስጥ፣ ዩታ ዩኒቨርሲቲ፣ ማርቲን ኒውዌል የቤቱን የሻይ ማንቆርቆሪያ ቅርጽ ወደ ቁጥር ለውጦ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባው። ያ ማንቆርቆሪያ ዛሬም በሙያው ሰዎች ዘንድ ዝነኛ ነው። ኮምፒውተሩ ሦስቱንም ልክ ስለሚያውቅ ዕቃውን በፈለግነው በኩል አዙሮ ያሳየናል፤ የምናየው ግን ጠፍጣፋ ስክሪን ላይ ነው። በ1995 የወጣው «ቶይ ስቶሪ» እንዲህ ተሠርቶ ያለ መነጽር ታየ፤ በመነጽር የሚታየው ቅጂ ለሲኒማ የበቃው በ2009 ነው። አንድ ፊልም በአንደኛው ትርጉም ስሪ ዲ ሆኖ በሌላኛው ሳይሆን 14 ዓመት ቆየ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄያችን የሚመጣው። ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ቅርጽ ከየት መጣ? መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው በዓለም ላይ ያለን ነገር ለክቶ ማስገባት ነው። ሁለተኛው ገና የሌለን ነገር አስቦ መሳል ነው።

ለመጀመሪያው ከሉሲ ወይም ከድንቅነሽ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። በ1974 አፋር ውስጥ፣ ሐዳር ላይ የተገኘችው አጽም በ2008 አሜሪካ በነበረችበት ጊዜ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለ10 ቀናት በሲቲ ስካን ተነሣች። በ2016 ተመራማሪዎቹ ከስብራቶቿ ተነሥተው የሞተችው ከዛፍ ወድቃ ነው የሚል ጥናት አወጡ። የተወሰኑ አጥንቶቿን የስሪ ዲ ፋይልም በኢትዮጵያ ፈቃድ ለሕዝብ ለቀቁ፤ የፈለገ መምህር በስሪ ዲ ማተሚያ አትሞ ለተማሪው ያስጨብጣል። ሉሲን ያገኛት ዶናልድ ዮሐንሰንን ጨምሮ ሌሎች ሊቃውንት ግን በመውደቋ አልተስማሙም፤ ስብራቱ ከሞተች በኋላ የመጣ ሊሆን ይችላል አሉ። ክርክሩ ራሱ ደስ ይላል። ፋይሉ ከዕቃው ስለመጣ ወደ ዕቃው ተመልሶ ማመሳከር ይቻላል።

ለሁለተኛው ምሳሌ ሩቅ አንሄድም፤ የአዲስ አበባን ቆርቆሮ አጥር ማየት ይበቃል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። የመብራት እንጨት የለም፣ የተንጠለጠለ ሽቦ የለም፣ ታክሲ የሚጠብቅ ሰልፍ የለም። የትም አይተናቸው የማናውቃቸው ሰዎች ከዘንባባ ሥር ይንሸራሸራሉ። ይህን አይቶ፣ መሠረቱ ሳይቆፈር፣ የዓመታት ቁጠባውን ቅድመ ክፍያ ያደረገ ስንት ሰው አለ! ዓረብ አገር ወይም አሜሪካ ሆኖ በስልኩ ያየውንም ቁጠሩ።

ስሪ ዲ ሥዕል መሥራት ማጭበርበር ነው እያልን አይደለም። አርክቴክት ሐሳቡን የሚያሳይበት ጥሩ መንገድ ነው። ግን ሥዕሉ እንደ ሉሲ አጥንት የሚመሳከርበት ዕቃ የለውም። ሰፊ በሚያሳይ እይታ ከተሠራ 3 ሜትር ክፍል አዳራሽ ይመስላል። ልኩ ያለው በዚያች ማንም በማይለጥፋት ጠፍጣፋ ፕላን ላይ ነው፤ ግዴታው ያለው በውሉ ላይ ነው። ስለዚህ ከመፈረማችን በፊት ፕላኑን በካሬ ሜትሩ እንጠይቅ፤ በሥዕሉ ላይ ያማረን ነገር ውሉ ውስጥ በጽሑፍ መግባቱን እንይ። እግረ መንገዳችንን ደግሞ አንድ ጥያቄ እንጨምር፦ ሮቶው የት ነው የሚቀመጠው?