መጽሐፍ ሻጩስ ምን አደረገ?

«ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ስለ ሳልማን ሩሽዲና «የሰይጣን ጥቅሶች» ስለተባለው ልቦለዱ ብዙ ተብሏል። ስለ ደራሲው ተጽፏል፣ ሞት ስለፈረዱበት አያቶላህ ተጽፏል፣ ስለ መንግሥታቱም ተጽፏል። እስቲ እኛ ዛሬ ስለ ሣሩ እንጫወት። መጽሐፉን አልጻፈውም፣ አላሳተመውም፣ ምናልባትም አላነበበውም። ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ «ስንት ነው?» ሲሉት ዋጋውን የሚናገር ሰው ነው። መጽሐፍ ሻጩን ማለቴ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። ልቦለዱ የወጣው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1988 እንግሊዝ አገር ነው። አሳታሚው የፔንግዊን ድርጅት አካል የሆነው ቫይኪንግ ነበር። ጥቂት ቀናት እንኳ ሳይቆይ፣ ጥቅምት 5 ቀን ሕንድ መጽሐፉ ወደ አገሯ እንዳይገባ ከለከለች። በታኅሣሥ ወር ቦልተን በተባለች የእንግሊዝ ከተማ መጽሐፉ በአደባባይ ተቃጠለ። በጥር 1989 ደግሞ ብራድፎርድ ላይ እንደገና ተቃጠለ፤ ይኼኛው ፎቶግራፉ ዓለምን ዞረ። ደብሊው ኤች ስሚዝ የተባለው ትልቁ መጽሐፍ ሻጭ ኩባንያ ብራድፎርድ ባለው ሱቁ መጽሐፉን ከዕይታ አነሳው። የመጀመሪያው ፈተና እንግዲህ የደረሰው ባንኮኒው ላይ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ብራድፎርድ ላይ የተቆጡት ሰዎች እነማን ነበሩ? አብዛኞቹ ከፓኪስታንና ከአካባቢው መጥተው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲሠሩ የኖሩ፣ ፋብሪካው ሲዘጋም ሥራ ፈተው የቀሩ ቤተሰቦች ናቸው። ነቢያቸው የተዋረዱ መስሎ ተሰማቸው። አቤት ሊሉ ወደ ሕግ ሄዱ። የእንግሊዝ ሕግ በጊዜው ሃይማኖት መስደብን በወንጀል ይቀጣ ነበር። ግን የሚጠብቀው የክርስትናን፣ ያውም በተለይ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያንን እምነት ብቻ ነው። ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1990 ሕጉ እስልምናን እንደማይጨምር ወሰነ። «የአንዱ ቤት በር ሲጠበቅ የኔ ለምን ክፍት ይቀራል?» ያለ ሰው ተሳስቷል ማለት ይከብዳል። እንግሊዝ በኋላ ነገሩን ያስተካከለችው ለሁሉም ሃይማኖት ዘበኛ በማቆም ሳይሆን ዘበኛውን በማንሳት ነው፤ ሕጉን በ2008 ሰረዘችው። የሆነ ሆኖ ቅሬታው እውነተኛ ቅሬታ ነበር። ችግሩ ቅሬታውን ሌሎች ነጥቀው ሌላ ነገር ማድረጋቸው ነው።

የካቲት 14 ቀን 1989 (እ.ኤ.አ.) የኢራኑ መሪ አያቶላህ ኾሜይኒ ፈትዋ አወጡ። ስለዚህ ፈትዋ ሲወራ ብዙዎቻችን ልብ የማንለው አንድ ነገር አለ። ሞት የተፈረደው በደራሲው ላይ ብቻ አልነበረም፤ ይዘቱን እያወቁ በመጽሐፉ ኅትመት የተሳተፉ ሁሉ ተጨምረዋል። ታዲያ ኅትመት የሚያበቃው የት ላይ ነው? ማተሚያ ቤቱ በር ላይ? የጭነት መኪናው ላይ? ወይስ የሱቁ መስኮት ላይ? ይህን ማንም አልነገራቸውም። እናም መጽሐፍ ሻጮች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን መጠየቅ ጀመሩ፤ «እኔስ አለሁበት?»

አሜሪካ ውስጥ መጽሐፉ በይፋ ሊወጣ ቀናት ሲቀሩት ነበር ይህ የሆነው። ከሺህ በላይ ሱቅ የነበረው ዋልደንቡክስ መጽሐፉ ከመደርደሪያ እንዲነሳ አዘዘ። ቢ. ዳልተንና ባርንስ ኤንድ ኖብልም ተከተሉ። ምክንያታቸው አንድ ነው፤ የሠራተኞቻችንና የደንበኞቻችን ደህንነት ይቀድማል አሉ። ደራስያን ጮኹ። ፈሪ ተባሉ። ኒው ዮርክ ላይ ሱዛን ሶንታግን የመሳሰሉ ስመ ጥር ጸሐፍት ተሰብስበው ከመጽሐፉ እያነበቡ ድጋፋቸውን አሳዩ። ቢ. ዳልተንና ባርንስ ኤንድ ኖብልም ብዙ ሳይቆዩ ውሳኔያቸውን ለውጠው መሸጡን ቀጠሉ።

እዚህ ጋ ፈሪውን ከጀግናው መለየት ቀላል ይመስላል። አይደለም። ትልልቆቹን ኩባንያዎች ለመውቀስ ከመሮጣችን በፊት ካሊፎርኒያ ውስጥ በርክሌይ ወደምትባል ከተማ እንሂድ።

በርክሌይ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ቴሌግራፍ በሚባለው ጎዳናዋ ላይ ኮዲስ የሚባል የታወቀ የመጻሕፍት መደብር ነበር። የካቲት 28 ቀን 1989 ሊነጋጋ ሲል አንድ ሰው ቤንዚን የተሞላ ጠርሙስ አቀጣጥሎ በመስኮቱ ወረወረ። በዚያው ሌሊት እዚያው ከተማ ያለው የዋልደንቡክስ ሱቅም ተመታ። ልብ በሉ፤ መጽሐፉን አንስቼ ደህንነቴን ጠበቅሁ ያለውም፣ አላነሳም ያለውም እኩል ተቃጠሉ። እሳት የሚወረውር ሰው የኩባንያ መመሪያ አያነብም።

ኮዲስ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ሠራተኞቹ ገብተው ማጽዳት ጀመሩ። በመሀል አንዱ መሬት ላይ አንድ ነገር አየ። ሳይፈነዳ የቀረ የቧንቧ ቦምብ ነው፤ ያረፈውም የግጥም መጻሕፍት ክፍል አጠገብ ነበር። ሁሉም ወጡ። ፖሊስ ቦምቡን ከቤት ማውጣት አደገኛ ሆኖ ስላገኘው እዚያው መደብሩ ውስጥ አፈነዳው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ። የመደብሩ ባለቤት አንዲ ሮስ ሠራተኞቹን ሰበሰበ። ውሳኔው ከባድ መሆኑን፣ አደጋው የሁላቸውም መሆኑን ነገራቸው። «መሸጡን እንቀጥል ወይስ እናቁም?» ድምፅ ተሰጠ። ሁሉም፣ አንድም ሰው ሳይቀር፣ እንቀጥል አሉ። እነዚህ ሰዎች ዝነኛ አይደሉም። ስማቸው በጋዜጣ የፊት ገጽ አልወጣም። ደመወዛቸውም የመጽሐፍ ሻጭ ደመወዝ ነው፤ የመጽሐፍ ሻጭ ደመወዝ ደግሞ የትም አገር ያው ነው።

ሮስ ከዓመታት በኋላ ትዝታውን ሲጽፍ አንድ ነገር አንስቷል። ለሐሳብ ሕይወታችንን እንሰጣለን ማለት ለታላላቆቹ ደራስያን ቀላል ነበር ይላል፤ እነሱ ኒው ዮርክ ውስጥ ከፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። መጽሐፉን ከመንገድ ዳር፣ በመስታወት መስኮት አጠገብ መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው። እውነቱን ነው። ነጻነት ከፎቅ ሲታይና ከመንገድ ዳር ሲታይ መልኩ አንድ አይደለም።

ሩሽዲ በስደት ከተደበቀበት ወጣ ወጣ ማለት ሲጀምር አንድ ቀን ኮዲስን ሊጎበኝ መጣ። ፍንዳታው ጣሪያው ላይ የተወው ቀዳዳ አልተደፈነም። ሠራተኛ ይሁን ደንበኛ፣ አንድ ሰው አጠገቡ «የሳልማን ሩሽዲ መታሰቢያ ቀዳዳ» ብሎ ጽፎበታል። አሳዩት። አንዳንዱ ሐውልት ይቆምለታል፣ አንዳንዱ ቀዳዳ ያገኛል የሚል ዓይነት ነገር ተናገረ ይላል ሮስ። በዚያ ሁሉ መሀል ለሳቅ የሚሆን ቦታ መገኘቱ ደግ ነው።

በዚያው የካቲት 28 ቀን፣ ከበርክሌይ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቃ ኒው ዮርክ ውስጥ ብሮንክስ በሚባለው ሰፈር የምትታተም አንዲት ትንሽ ጋዜጣም ቢሮዋ በእሳት ተመታ። ሪቨርዴል ፕሬስ ትባላለች። ጥፋቷ ምን ነበር? ኩባንያዎቹ መጽሐፉን ከመደርደሪያ ማንሳታቸውን የሚነቅፍ ርዕሰ አንቀጽ ማውጣቷ። ጋዜጣዋ ግን መውጣቷን አላቆመችም።

እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ የባሰ ነበር። በሚያዝያ 1989 ለንደን ቻሪንግ ክሮስ በተባለው የመጽሐፍ ሻጮች ጎዳና ኮሌትስና ዲሎንስ ቦምብ ፈነዳባቸው። በዚያው ዓመት ሃይ ዊኮም፣ የለንደኑ ኪንግስ ሮድና ዮርክ ተከተሉ። በጊልፎርድ፣ በኖቲንግሃምና በፒተርቦሮም ያልፈነዱ ቦምቦች ተገኙ። ዒላማቸው በአብዛኛው የፔንግዊን ሱቆች ነበሩ። ከዚያ ጥቃቱ ወደ ሰው ተሻገረ። በሐምሌ 1991 የጣሊያንኛው ተርጓሚ ሚላን ላይ በጩቤ ተወጋ። በዚያው ወር የጃፓንኛው ተርጓሚ ሂቶሺ ኢጋራሺ ባስተማረበት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተገደለ። በጥቅምት 1993 የኖርዌዩ አሳታሚ ዊልያም ኒጋርድ ኦስሎ ላይ በጥይት ተመትቶ ተረፈ። ስለዚህ «ፍርሃታቸው ከንቱ ነበር» የሚል ሰው እነዚህን መቃብሮችና ጠባሳዎች ማየት አለበት። ፈሪ የተባሉት ሥራ አስኪያጆች የፈሩት ጥላ አልነበረም።

ፔንግዊንም መጽሐፉን አልሰበሰበም፤ ይህ የሚመሰገን ነው። ርካሹን ባለ ስስ ሽፋን እትም ግን በስሙ ማውጣት አልደፈረም። በ1992 ያ እትም የወጣው «ኮንሶርሺየም» በሚል ማንነታቸው ባልተገለጸ አሳታሚዎች ስም ነው። ጀግንነትም እንዲህ ግማሽ ግማሽ ሆኖ የሚመጣበት ጊዜ አለ።

ይህ ሁሉ የአንድ ሃይማኖት ታሪክ የሚመስለው ካለ ደግሞ ወደ ፓሪስ ይመልከት። ልቦለዱ በወጣ በወሩ፣ በጥቅምት 1988፣ ኢየሱስን የሚመለከት አንድ ፊልም ያሳይ የነበረ ሲኒማ ቤት በአክራሪ ካቶሊኮች ተቃጥሎ ተመልካቾች ቆስለዋል። እዚያም ፊልሙን የሠራው ሰው አልተነካም። የተጎዳው ትኬት ቆርጦ የገባው ነው። እንዲሁም በሙስሊሙ ዓለም ፈትዋውን በድፍረት የተቃወሙ ነበሩ። ግብፃዊው የኖቤል ተሸላሚ ናጊብ ማህፉዝ አንዱ ነው፤ በ1994 ካይሮ ላይ እሱም አንገቱን በጩቤ ተወግቷል።

ዓመታት አለፉ። የዴንማርኩ ጋዜጣ ዩላንድስ ፖስተን በመስከረም 2005 ነቢዩ ሙሐመድን የሚመለከቱ 12 ካርቱኖች አወጣ። በ2006 መጀመሪያ ተቃውሞው በብዙ አገር ተቀጣጥሎ ሰው ሞተ። በዚያው ዓመት ፍሪ ኢንኳየሪ የተባለ አነስተኛ የአሜሪካ መጽሔት ከካርቱኖቹ አራቱን አተመ። ዋልደንቡክስን በሥሩ ያደረገው ቦርደርስ ያን እትም አልሸጥም አለ። ምክንያቱ? የሠራተኞቻችንና የደንበኞቻችን ደህንነት ይቀድማል። ከ17 ዓመት በኋላ ያቺው ዓረፍተ ነገር ተመልሳ መጣች! ካናዳ ውስጥም ኢንዲጎ ካርቱኖቹን የያዘውን የሃርፐርስ መጽሔት እትም ከሱቆቹ አነሳ።

ልዩነት ግን አለ። በ1989 ፈትዋ ነበር፣ ቦምብም ተከትሏል። በ2006 አሜሪካ ውስጥ ያን መጽሔት በሸጠ ሱቅ ላይ ገና የደረሰ ነገር አልነበረም። የታሰበው አደጋ ብቻ በቂ ሆነ። የበርክሌይ ቀዳዳ ትዝታው ለአንዱ ድፍረት፣ ለሌላው ፍርሃት ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

እኛ አገርስ? የኛ ሻጮች ይህን ፈተና በሌላ በኩል ያውቁታል። በ1975 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከየመደብሩ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉ ግን ከእጅ ወደ እጅ፣ በእጥፍ ድርብ ዋጋ በድብቅ ዞረ። ያኔ ያስፈራው መንግሥት እንጂ ምዕመን አልነበረም። ቢሆንም ለሻጩ ልዩነቱ ብዙ አይደለም። ከጋዜጣ ሥር ደብቆ የያዘ ሰው ልቡ የሚመታው ያው ነው።

ታዲያ መጽሐፍ ሻጩ ምን ያድርግ? እኔ ሦስት ነገር ይታየኛል። አንደኛ፣ ሻጭ ሁሉን የመሸጥ ግዴታ የለበትም። «ይህ መጽሐፍ ሰውን ያዋርዳል፣ አልወደድኩትም፣ አልሸጥም» ማለት መብቱ ነው። ሁለተኛ፣ ፈርቶም ከሆነ ፈራሁ ይበል። ፍርሃትን «አክብሮት» ብሎ መሰየም ለሁለቱም ወገን ስድብ ነው። ለደራሲው ብቻ አይደለም፣ ለምዕመኑም ጭምር። ጎረቤቴን አከብራለሁ ማለትና ጎረቤቴ ያቃጥለኛል ብዬ እሰጋለሁ ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለተኛውን በአንደኛው ስም ስንጠራ ሰላማዊውን ሙስሊምም ሆነ ክርስቲያን ከእሳት ወርዋሪው ጋር አንድ ላይ እንፈርጀዋለን። ብራድፎርድ ላይ የተቆጡት አባወራዎች ሁሉ ቦምብ አልያዙም።

ሦስተኛው ለኔ ትልቁ ነው፤ አደጋውን የሚሸከመው ሰው ይጠየቅ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ስለ ሠራተኞቻቸው ደህንነት ሲናገሩ ትዕዛዙ ከዋናው መሥሪያ ቤት ነበር የሚወርደው። ኮዲስ ውስጥ ግን ተጠየቁ። ቢያንስ ቢያንስ መልሱ የነሱ ሆነ። «አንሸጥም» ብለው ቢሆን ኖሮ እንኳ ማንም ሊወቅሳቸው አይገባም ነበር።

የቀረውን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ነሐሴ 12 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) ሩሽዲ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ መድረክ ላይ በጩቤ ተወግቶ አንድ ዓይኑን አጣ። ወጊው ፈትዋው ሲወጣ ገና አልተወለደም። ከመጽሐፉ ያነበበው ሁለት ገጽ ያህል እንደሆነ በራሱ አንደበት ተናግሯል። ቦርደርስ በ2011 ከስሮ ተዘጋ፤ ኮዲስም ከዚያ ቀደም ብሎ በ2008 በሩን ዘግቷል። የዘጋቸው ግን ቦምብ አይደለም፤ ገበያው ነው።

ሕንድስ? አንድ ሰው መጽሐፉን ላስመጣ ብሎ ከሰሰ። የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የ1988ቱን የእገዳ ደብዳቤ አምጡ አለ። ቢሮ ቢበረበር፣ መዝገብ ቢገለበጥ ደብዳቤው የለም። በኅዳር 2024 ፍርድ ቤቱ «ከሌለ እንዳልነበረ እንቆጥረዋለን» አለ። 36 ዓመት ሙሉ የሕንድ መጽሐፍ ሻጭ ሲፈራው የኖረው ወረቀት ማንም ሊያሳየው የማይችል ወረቀት ሆኖ ተገኘ። በወሩ ዴልሂ ውስጥ አንድ የመጻሕፍት መደብር መጽሐፉን ደረደረው። አሁንም ተቃውሞ አልጠፋም። ሻጩ ግን ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ፣ «ስንት ነው?» ላለው ሰው ዋጋውን ነገረ።