ከደጅ ጥናት ወደ መብት

በኢትዮጵያ ባለጉዳይ ለረዥም ዘመን የሹም ደጅ ሲጠና ኖሯል፤ የሚያገኘውም መልስ ችሮታ እንጂ ግዴታ አልነበረም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ይህን ግንኙነት ለመለወጥ፣ መንግሥታዊ አካላት ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀናት ውስጥ መልስ እንዲሰጡ ደነገገ። ይሁን እንጂ መብት በድንጋጌ ብቻ አይጸናም።

ለአብነት ያህል፣ የአሜሪካ የመረጃ ነፃነት ሕግ የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ሆኖም ዳኞች መሥሪያ ቤቶች «ምስጢር» ያሉትን ሰነድ ራሳቸው አይተው እንዲመረምሩ ሥልጣን ያገኙት፣ ኮንግረስ የፕሬዚዳንት ፎርድን እገዳ በድምፅ በሻረበት በኅዳር 1967 ዓ.ም. ነው። በዚያው ሳምንት ደርግ በአዲስ አበባ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ።

ዛሬ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ የዚያን ዘመን የኤምባሲ ቴሌግራሞች ከአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ያገኛል፤ ሰነድ የከለከለውን መሥሪያ ቤትም ሊከስ ይችላል። ቴሌግራሙ ግን የሚነግረን ባዕድ የሰማውን ነው። ውሳኔው እንዴት እንደ ተላለፈ ሊመሰክር የሚችለው የአገር ቤቱ መዝገብ ነው። እንግዲህ የ30 ቀኑ ግዴታ ካልተከበረ፣ የሙታኖቻችንን ታሪክ ከባዕድ ቴሌግራም መጻፋችንን እንቀጥላለን።